ፋንድያውን ያመጣው ሰው

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ የሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ እሳት ሊነድ አምስት ቀን ሲቀረው። ፕሬበን ውሃ ማጠጫውን ይዞ ወደ ፎሶሊያው መደብ ሲሄድ ጤዛው ገና አልረገፈም። ጎንበስ ብሎ አየ። አዲሶቹ የፎሶሊያ ቅጠሎች አልተዘረጉም፤ እንደ ጨቅላ ጭብጥ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። ወደሚቀጥለው መደብ ተሻገረ። አተሩም እንዲሁ ነው። በላስቲክ ቤቱ ውስጥ ያሉት ቲማቲሞች ጫፋቸው ተጣሞ፣ ቅጠላቸው እንደ ክር ቀጥኖ አገኛቸው። ማጠጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቆመ።

ይህን ቅጠል ያውቀዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የአረም መድኃኒት መርጫ ትራክተር የነዳ ሰው ካላወቀው ማን ሊያውቀው ነው።

ፕሬበን የአክስቴ የቪቤከ ባል ነው። በፊን ደሴት ደቡብ፣ ኖሬስኮው በምትባል መንደር፣ ከባሕሩ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ርቀት ላይ ይኖራሉ። ቤቱና ከቤቱ ጀርባ ያለው ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት የአያቴ ነበር። አያቴ ሲሞት ልጆቹ ሁሉ ይሸጥ አሉ። በከተማ ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ የነበረችው ቪቤከ ብቻ አይሸጥም አለች። ሥራዋን ለቅቃ መጣች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት፣ "ሃያ ስድስት ዓመት የማይከፈት መስኮት አየሁ፤ ይበቃኛል" ነበር መልሷ።

ፕሬበን እንዲህ ያለ ምኞት አልነበረውም። የእርሻ መኪና በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሰውን ስንዴ፣ የሰውን መስክ፣ የሰውን ድንች እየዞረ ይረጫል። ከመሬት ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሬዲዮ እየሰማ። ሚስቱ አንድ ነገር ለመነችው፤ አንድ ዓመት አብረኸኝ ሞክር አለችው። እሺ አለ። አለቃውም ደግ ሰው ስለሆነ፣ "እስከ መስከረም ወንበርህን ለማንም አልሰጥም" አለው።

እናም ፕሬበን ተንበርክኮ ማረም ጀመረ። እየሳቀ ነው የጀመረው።

"እኔ እኮ በአንድ ጠዋት አርባ ሄክታር የማጸዳ ሰው ነበርኩ" ይላል። "አሁን አንድ መደብ ካሮት ለማረም ሳምንት ሙሉ ተንበርክኬ እጸልያለሁ።"

"ጸሎትህ ተሰምቷል" ትለዋለች ቪቤከ፤ "ካሮቱ በቅሏል።"

ከመንገዱ ዳር፣ እዚህ አገር እንደተለመደው፣ ሻጭ የሌለበት ትንሽ ጉልት ሠሩ። ጣሪያ ያለው መደርደሪያ ነው፤ አላፊው የሚፈልገውን አንስቶ ሂሳቡን በቆርቆሮው ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ከላዩ ላይ ቪቤከ በገዛ እጇ በአረንጓዴ ቀለም የጻፈችው ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ "ያለ መርዝ የበቀለ"። ይህን ሰሌዳ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅታለች። ፊደሉ አልስተካከል ብሏት ሳይሆን፣ ቃሉ እውነት መሆኑን ደጋግማ ራሷን ስትጠይቅ ነው።

ፋንድያው የመጣው በሚያዝያ፣ በቪቤከ ልደት ቀን ነው። ፕሬበን ሊያስደንቃት ፈልጎ፣ የፈረስ ጋጣ ካላት ከሶልቫይ ዘንድ አሥራ አራት ተጎታች ሙሉ የበሰበሰ የፈረስ ፋንድያ ጭኖ መጣና በር ላይ ቆለለው። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የማይሸት፣ ሲጨብጡት እንደ ኬክ የሚፈረፈር። ቪቤከ ክምሩ ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ከታ አለቀሰች።

"ለሌላ ሴት ቀለበት ያመጡላታል" አለች እንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች፤ "እንደኔ የታደለች የለችም።"

ከሁለት የካሮት መደቦች በቀር ሁሉንም መደብ አለበሰችው። ካሮት ፋንድያ አይወድም፤ ሥሩ እንደ ባላ ይከፈላል።

ይኸው እንግዲህ፣ በዚያ ሰኞ ጠዋት ፕሬበን ቆሞ ያሰበው ይህንን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ፣ የሶልቫይን መስክ የረጨው ራሱ ነበር። ኮሸሽላ የሚባለው እሾሃም አረም ወርሮት ነበር። የኮሸሽላ ማጥፊያው መርዝ ሣርን አይነካም፣ ፈረስንም አይጎዳም። ነገር ግን ከሣሩ ወደ ድርቆሹ፣ ከድርቆሹ ወደ ፈረሱ ሆድ፣ ከሆዱ ወደ ፋንድያው እንዳለ ያልፋል፤ በፋንድያውም ውስጥ ተቀምጦ ፎሶሊያና ቲማቲም ይጠብቃል። በመርዙ ጣሳ ጎን በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ "ይህን የበላ ከብት ፋንድያ ወደ አትክልት ቦታ አይግባ"። ፕሬበን አንብቦታል። ኋላ ሲነግረኝ፣ "አንብቤው ረሳሁት" አለኝ፤ "ያን ጊዜ ፋንድያ የሚባል ነገር በሕይወቴ ውስጥ አልነበረም።"

ገና እንደቆመ ቪቤከ ከኋላው መጣች። ቅጠሉን አየች። አንዱን ቀጥፋ በመዳፏ ላይ ዘርግታ፣ በሽተኛ እንደምታይ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ አጥሩ ተመለከተች። ከአጥሩ ማዶ የኤጎን ስንዴ ነው።

"ባለፈው ሐሙስ ሳምንት ረጭቷል" አለች። "ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። ልብሴን ከገመዱ ላይ አንስቻለሁ፣ አስታውሳለሁ።"

"ጋሼ ኤጎን ነፋስ እያለ አይረጭም" አለ ፕሬበን።

"ጠበቃው ሆንክ?"

"አይደለም። እንዲያው ሰውየውን ስለማውቀው።"

"እኔም አውቀዋለሁ። መሬቱን ሽጡልኝ ብሎ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለት ጊዜ እንቢ አልኩት።" ቅጠሉን በሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። "ምን አለች በለኝ፣ እሱ ነው።"

ፕሬበን ያኔ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። ግን የቪቤከ ሌላኛው እጅ የታመመውን ተክል ግንድ ይዞ ነበር፤ ልክ እንደ ሰው ክንድ፣ በሁለት ጣት፣ ትርታ እንደምትፈልግ። አፉን ዘጋ።

ነገሩ በዚያ ቢቆም ኖሮ የጓዳ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። ግን በየዓመቱ በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ መንደሩ በሙሉ ባሕሩ ዳር ይሰበሰባል፤ ከአሮጌ ልብስና ከጭድ የተሠራችው ጠንቋይ ከእንጨቱ ክምር አናት ላይ ትቀመጣለች፤ እሳቱ ከመለኮሱ በፊትም ከመንደሩ አንድ ሰው ንግግር ያደርጋል። ማን እንደሚናገር ኮሚቴው በየካቲት ይመርጣል። የዚያ ዓመት ተናጋሪ ቪቤከ ነበረች። ስለ አፈርና ስለ እጅ የሚያምር ነገር ጽፋ ጨርሳለች። ማክሰኞ ማታ ቀደደችውና ሌላ መጻፍ ጀመረች።

ፕሬበን እራት ላይ የአጃ ዳቦ እየቀባ ሳለ ከወዲያኛው ክፍል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትለማመድ ሰማት። "ጎረቤቴ ኤጎን" የሚል ነገር ሰማ። ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ስሙን ልትጠሪው ነው?"

"ታዲያ ስም የለውም?"

"ሁለት መቶ ሰው ፊት?"

"መርዙ ተደብቆ አይደለም የመጣው፤ በነፋስ ነው የመጣው። መልሱም በነፋስ ይሂድ።"

"ጋሼ ኤጎን ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ቪቤከ።"

"የኔ ፎሶሊያ ደግሞ አምስት ሳምንቱ ነው።"

እንዲህ ባለች መንደር በዚያ ሌሊት ስሙ የተጠራ ሰው እስኪሞት ድረስ ያ ስም አብሮት ይኖራል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በእሳቱ ፊት "ጀልባ ሰረቀ" የተባለ ሰው ነበር፤ ጀልባው ኋላ ደሴቱ ማዶ ተገኘ፣ ሰውየው ግን አሁንም "ጀልባው" ይባላል። ፕሬበን ይህን ያውቃል። የሚጠፋው የአንድ ሽማግሌ ስም እንደሆነ፣ ያንን ስም ማዳን የሚችለውም እሱ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ የሚያጣው ምን እንደሆነ ያውቃል። ሚስቱ ይህን መሬት የወደደችው ከመርዝ የራቀ ስለመሰላት ነው። መርዙን ያስገባው እሱ ነው፤ በልደቷ ቀን፣ በስጦታ መልክ።

ረቡዕ ኤጎን ራሱ ወደ አጥሩ መጣ። ረጅም ነው፤ ቆቡን ከራሱ የማያወርድ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በበረዶ ጊዜ የሁሉንም ሰው በር በትራክተሩ የሚጠርግ ሰው።

"ፕሬበን፣ ና እስቲ" አለ። "ቅጠላችሁን ከወዲህ ሆኜ አየሁት።"

"አዎ ጋሼ።"

"የኔ ነው እንዴ?"

ፕሬበን ወደ አጥሩ ቀረበ።

"ነፋሱን ለክቻለሁ" አለ ኤጎን። "ሦስት ጊዜ ለክቻለሁ። ግን ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። መለኪያውን አሳስቼ አንብቤው ይሆን እያልኩ ሁለት ቀን እንቅልፍ የለኝም።"

"የእርስዎ አይመስለኝም።"

"አይመስለኝም ስትል፣ የምታውቀው ነገር አለ ማለት ነው ወይስ እያዘንክልኝ ነው?"

"አይመስለኝም ነው ያልኩት ጋሼ።"

ኤጎን ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየው። ከዚያ በአጥሩ ላይ የድንች ከረጢት አሻገረለት፤ የዓመቱን የመጀመሪያ ድንች፣ ጥፍር የሚያህል፣ ቆዳው በጣት የሚላጥ። "የናንተው መቼስ ዘንድሮ አይሆንም" አለ። ዞሮ ሄደ። የአንድ ሰው ጀርባ ብቻውን እንዲህ ያለ ክስ መሆን መቻሉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ፕሬበን ስለዚያች ደቂቃ ሲነግረኝ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አይጠራም።

ሐሙስ ዕለት ወደ ሶልቫይ ጋጣ ሄደ። ምናልባት ድርቆሹ ከሌላ መስክ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው።

"ከየት ይሆናል?" አለችው ሶልቫይ፣ የፈረስ ኮቴ በጉልበቷ መሀል ይዛ እየጠረገች። "ከታች መስክ ነዋ። አንተ የረጨኸው። ኮሸሽላው ድራሹ ጠፋ፤ እጅህ ይባረክ። ምነው፣ ተጨማሪ ፋንድያ ፈለግህ?"

"አይ" አለ። "ይበቃል።"

ዓርብ አንዲት ሴት ጉልቱ አጠገብ ብስክሌቷን አቆመች። ያን ሰሞን እነሱ ዘንድ ስለነበርኩ፣ እኔም እዚያው ሽንኩርት እያሰርኩ ነበር፤ ፕሬበን ከጎኔ። ጥቅል ጎመኑ መደርደሪያው ላይ አምሮ፣ ጠብቆ ተደርድሯል። ጎመን ያንን መርዝ አይፈራም፤ አይጠወልግም፣ አይጣመምም፣ ምስክር አይሆንም። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል። ሴትየዋ ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበችና ፈገግ አለች።

"እዚህ ስመጣ ሳላጥበው ነው የምበላው" አለች።

ፕሬበን እጁን ጎመኑ ላይ ጫነ። "ይኼ ተሽጧል" አለ።

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ካሮት ግን አለ። ካሮቱን ይውሰዱ።"

ሴትየዋ ካሮት ይዛ ሄደች። እኔ ግራ ገብቶኝ አየሁት። ጎመኖቹን አንድ በአንድ በእጅ ጋሪው ላይ እየጫነ፣ "ምንም አትጠይቂኝ" አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ባሕሩ ወረድን። ፀሐይዋ አልጠለቀችም፤ በሰኔ እዚህ ቶሎ አትጠልቅም። እነሱ ከፊት፣ እኔ የሻይ ፔርሙሱንና ብርድ ልብሱን ይዤ ከኋላ። ቪቤከ ንግግሩን አራት አጥፋ በእጇ ይዛዋለች። ከርቀት የእንጨቱ ክምር፣ አናቱ ላይ ቀይ መሀረብ ያሰረችው ጠንቋይ፣ ዙሪያውን እየተሰበሰበ ያለው ሰው ይታያል። በግምት የአሥር ደቂቃ መንገድ ሲቀረን ፕሬበን ቆመ።

"ቪቤከ።"

"እየረፈደ ነው፤ እየሄድክ ተናገር።"

"እየሄድኩ አልችልም።"

ቆመች። እኔም ቆምኩ፤ ወደ ኋላ ለመመለስም ወደ ፊት ለመሄድም አልቻልኩም።

"ኤጎን አይደለም" አለ። "ፋንድያው ነው።"

"ምን ፋንድያ?"

"የኔ ፋንድያ። የሶልቫይን መስክ የረጨሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለኮሸሽላ። ድርቆሹን ፈረሶቹ በሉት። ፋንድያውን ላንቺ አመጣሁት።"

"መቼ አወቅህ?"

"ሰኞ።"

"ሰኞ" አለች። ቀስ ብላ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። "ማክሰኞ ስጽፍ ሰምተኸኛል።"

"ሰምቼሻለሁ።"

"ረቡዕ ድንቹን ይዘህ ገባህ። ከማን ነው ስልህ፣ ከኤጎን አልከኝ። አልበላም ብዬ ለዶሮ ጣልኩት። አየኸኝ።"

"አየሁሽ።"

ሌላ ነገር ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ዞራ መንገዷን ቀጠለች፤ እርምጃዋ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። ወረቀቱ አሁንም በእጇ አለ። ፕሬበን እንደ ተተከለ ቀረ፤ ሳልፈው እንኳ አላየኝም። ከዚያ ከኋላችን የጫማውን ድምፅ ሰማሁ።

የኮሚቴው ሰው ቪቤከን በተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ አቆማት። ኤጎን ቆቡን እንዳደረገ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው። ያን ጊዜ ቪቤከ ምን እንደምትል ከሁላችንም የሚያውቅ አልነበረም። ባሏን እዚያው ፊታቸው ልታዋርደው ትችላለች፤ ብታደርገውም የሚፈርድባት አልነበረም። ወይም ደግሞ፣ እኔ በጣም የፈራሁት ይህን ነበር፣ የጻፈችውን እንዳለ ልታነበው ትችላለች። ባሏን ለማዳን ጎረቤትን አሳልፎ መስጠት፣ ሰው እኮ ያደርገዋል።

ወረቀቱን ዘረጋችው። አየችው። መልሳ አጠፈችው።

"ንግግር ጽፌ ነበር" አለች፤ "አላነበውም። አጭር ነገር ነው የምናገረው። እኛ ጉልት ላይ 'ያለ መርዝ የበቀለ' የሚል ሰሌዳ አለ። ከሚያዝያ ወዲህ ሐሰት ነው። ፋንድያ አመጣን፤ ፋንድያው ውስጥ የኮሸሽላ መርዝ ነበረ። ሳናጣራ መሬታችንን አለበስነው፣ ሸጥንላችሁ። ከማንም አጥር አልተሻገረም። እኛ ነን ያመጣነው። የገዛችሁን ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገ ሰሌዳው ይወርዳል። በሉ፣ እሳቱን ለኩሱት።"

ማንም አላጨበጨበም። ማጨብጨብ የሚገባ ነገር መሆን አለመሆኑን ማንም አላወቀም። ኤጎን ቆቡን አውልቆ፣ ውስጡን እንደሚያነብ ሁሉ አየው። እሳቱ ተለኮሰ፤ ሰው እንደ ልማዱ መዝፈን ጀመረ፤ ፕሬበን ከሰዉ ኋላ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ አፉን ሸፍኖ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ቪቤከ ዘጠኝ ቀን አላናገረችውም።

እሑድ ጠዋት ሰሌዳውን ራሷ አወረደችው። ከዚያ አካፋ ይዛ ወደ መጀመሪያው መደብ ሄደች። ፕሬበንም መንሽ ይዞ ወደዚያው ወጣ። መርዙ በቅጡ ሳይበተን በቀረ የፋንድያ ጓል ውስጥ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጓሉ ተለቅሞ መውጣት አለበት። በማሽን አይሆንም። በጉልበት ተንበርክኮ፣ አፈሩን በጣት እየፈረፈሩ፣ ጥቁር ጥቁሩን መልቀም ነው። ከመደቡ በዚህ በኩል እሷ፣ በዚያ በኩል እሱ። መሀል ላይ ሲገናኙ እጃቸው ይነካካል፤ እሷ እጇን ትስባለች።

ማክሰኞ ኤጎን ትራክተሩን ከተጎታቹ ጋር እየነዳ በበሩ ገባ።

"ስንዴ ይህን መርዝ አይፈራም" አለ ከላይ ሆኖ። "የለቀማችሁትን ወደ እኔ ጫኑት። አዝመራው ሲታጨድ ማሳው ላይ እበትነዋለሁ።"

ቪቤከ ቀና አለች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነበረች። "ጋሼ ኤጎን፣ ስምዎን ጽፌው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም። ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታዬን በአንገትሽ ስትመልሺ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን መጡ?"

"ትራክተር ስላለኝ" አለ ኤጎን፤ ሞተሩን አጠፋ።

ፕሬበን ስለነዚያ ቀናት ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት አፈር የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ከሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ግን አፈር ቀለም ብቻ ነው። አሁን አፍንጫው ከአፈሩ ስንዝር ነው። የዝናብ ትል ሲነኩት እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ የአንዱ መደብ አፈር ከሌላው አፈር በጠረኑ እንዴት እንደሚለይ፣ የነጭ ክር ዓይነት ሻጋታ ሥርን ከሥር እንዴት እንደሚያያይዝ አየ። ሚስቱ ስለማታናግረው የሚሰማው ነገር አፈሩ ብቻ ነበር። "ሌላ የማወራው አልነበረኝም" አለኝ፤ "ስለዚህ አዳመጥኩ።" በስድስተኛው ቀን ሳያስበው አንድ ጓል ለቅሞ ካወጣ በኋላ ከሥሩ የነበረውን ትል መልሶ በአፈር ሲያለብሰው ቪቤከ አየችው። ማየቷን እኔ አየሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ እንጆሪ በወተት እየበላን ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሌላስ?" አለችው።

"ሌላ ምን?"

"ሌላስ የት የት ረጨህ?"

ፕሬበን አየት አደረጋት። ከዚያ ከዘር ካርቶኑ ላይ አንድ ክዳን ቀደደና በእርሳስ መሳል ጀመረ። መንገዱን፣ ባሕሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከዚያ መስክ በመስክ። እዚህ ስንዴ፣ መጋቢት ላይ፣ ለአረም። እዚህ ድንች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለሻጋታ። እዚህ የሶልቫይ የታችኛው መስክ። ላይኛውን አልነካሁትም። እያንዳንዱን መስክ፣ ዓመቱን፣ የሚረሳውን ሲረሳ "ይህን እርግጠኛ አይደለሁም" እያለ። አንድ ሰዓት ሆነ። እንጆሪው ወተቱን አቀላው። ቪቤከ አላቋረጠችውም፤ የበሽተኛን ታሪክ እንደምትቀበል ነርስ፣ አንዳንዴ ብቻ "ስንት ዓመተ ምሕረት?" ትላለች። ሁለት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ስለ ፍቅር ብዙ አንብቤያለሁ፤ አንዱ በሌላው ፊት የረጨውን መስክ ሁሉ እየቆጠረ የሚናዘዝበትን ፍቅር ግን የትም አላገኘሁም።

ሲጨርስ ካርቶኑን ወሰደችና አቧራውን ነፋች። "የላይኛው መስክ ድርቆሽ ንጹሕ ከሆነ" አለች፤ "ለሚቀጥለው ዓመት ከዚያ ብቻ ይቆረጥልን ብለህ ለሶልቫይ ንገራት።"

ከዚያ ፋንድያ ከለበሱት ከአሥራ ሁለቱ መደቦች ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ማሰሮ አፈር ዘገኑ። በየማሰሮው ሦስት ሦስት ፎሶሊያ ዘሩና በኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ ደረደሩት። መርዝ ካለ ፎሶሊያው ይናገራል። ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ በየጠዋቱ ስነሳ ሁለቱም ሻያቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው አገኛቸዋለሁ። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ወፍራም ቅጠሎች ምንም አይናገሩም፤ እነሱ ከዘሩ ውስጥ የመጡ ናቸው። የሚያስፈራው ቀጥሎ የሚመጣው ነው።

"ሰባተኛው እየተጣመመ ነው" ይላል ፕሬበን።

"ወደ ብርሃኑ ዞሮ ነው። አዙረው።"

"ካዞርኩትም በኋላ ቢጣመም?"

"ያኔ አልቅስ። አሁን አዙረው።"

በሐምሌ መጨረሻ ለየ። ሰባቱ ማሰሮዎች ላይ ቅጠሉ እንደ ክፍት መዳፍ ተዘረጋ። በአምስቱ ላይ ተጨበጠ። ሰባተኛው ከተዘረጉት ውስጥ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የፕሬበን አለቃ ደወለ። የመኸሩ ሥራ በዝቷል፣ ፕሬበን ከመስከረም በፊት ወደ ወንበሩ ይመለስ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ፕሬበን ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ቪቤከ ማሰሮዎቹን በሁለት ረድፍ እየለየች ነበር፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንዳልሰማች ሆና፣ ግን እጇ ቆሟል።

ሲመለስ አልጠየቀችውም። "አምስቱ መደቦች አትክልት አይሸከሙም" አለች። "ሣር ለብሰው ይረፉ። ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት።"

"ሣር ብቻ አይደለም" አለ ፕሬበን። "ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ እንቀላቅልበት። ማገጥ ይህን መርዝ አይችልም፤ ትንሽ እንኳ ካለ ይጨበጣል። ሣሩ ያርፋል፣ ማገጡ ይነግረናል።"

ቪቤከ ዞራ አየችው። "የሦስት ዓመት ሥራ ነው እያልኩህ እኮ ነው።"

"ሰምቻለሁ" አለ። ከመጨረሻው ማሰሮ ሥር የፈሰሰውን አፈር በመዳፉ ሰበሰበ። "ለሦስቱም ዓመት የሚበቃ ዘር አንዴ እንግዛ ወይስ በየዓመቱ ትኩስ ይሻላል?"